የጋራ ፎልደርን ከቅርንጫፍ በቪፒኤን መክፈት ሲያስቸግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተዘጋጁት ሰርቨሩ ደብረ ብርሃን ዋና መሥሪያ ቤት ተቀምጦ፣ በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በአረርቲ ቅርንጫፎች ሆነው የጋራ ፎልደሩን በቪፒኤን ለሚከፍቱ የሒሳብ፣ የሰው ኃይልና የንብረት ሠራተኞች ነው። በየቅርንጫፉ «እሱ ኮምፒውተር ይችላል» እየተባለ ሁሉም ለሚጠራው ባልደረባም ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን። ማብራሪያው ዊንዶውስ 10ንና 11ን ይከተላል። የሰርቨሩ አድራሻ 10.20.0.5፣ የፎልደሩ ስም ደግሞ «ሒሳብ» እንደሆነ አድርገን ለምሳሌነት ወስደናል፤ እርስዎ በቦታው የራስዎን ይተኩ።

ቪፒኤኑ «ተገናኝቷል» ይላል፤ ታዲያ ፎልደሩ ለምን አይከፈትም?

ቪፒኤን ተገናኘ ማለት ከእርስዎ ኮምፒውተር እስከ ዋና መሥሪያ ቤቱ የቪፒኤን መግቢያ ድረስ የተመሰጠረ መሥመር ተዘረጋ ማለት ብቻ ነው። ፎልደሩ እንዲከፈት ከዚያ በኋላ ሌሎች ነገሮች በተከታታይ መሳካት አለባቸው፦ ኮምፒውተርዎ ወደ ሰርቨሩ የሚልከውን በዚያ መሥመር ማሳለፍ አለበት፤ የሰርቨሩ ስም ወደ ቁጥር አድራሻ መለወጥ አለበት፤ ሰርቨሩ ላይ ፋይል ማጋሪያው የሚጠቀምበት ፖርት 445 (ቁጥር የተሰጠው የሰርቨሩ በር) ለእርስዎ ክፍት መሆን አለበት፤ በመጨረሻም ማንነትዎ ተረጋግጦ ፈቃድ ማግኘት አለብዎት። የጣርማ በር መንገድ ክፍት ነው ስለተባለ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ደብረ ብርሃን የገባ ባለጉዳይ ቢሮውን ክፍት፣ ኃላፊውንም በቦታው አገኛለሁ ብሎ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ የቪፒኤኑም ነገር እንዲሁ ነው።

ዋየርጋርድ የተባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም የሚጠቀሙ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቁ። ይህ ፕሮግራም ሲከፈት ከሰርቨሩ ጋር ምንም ንግግር ሳይጀምር እንኳ «ንቁ ነው» የሚል አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። በእርግጥ መገናኘቱን የሚነግረው የመጨረሻው የእጅ መጨባበጥ (Latest handshake) መቼ እንደተደረገ የሚገልጸው መሥመር ነው። ያ መሥመር ከሌለ ወይም ብዙ ሰዓት ያለፈው ከሆነ፣ አረንጓዴው ምልክት ቢበራም ቪፒኤኑ አልተገናኘም።

ከልምድ እንደምናየው ብዙ ጊዜ የሚባክነው የተበላሸው አንዱ ሆኖ ሳለ ሌላውን በመነካካት ነው። የይለፍ ቃሉ የተሳሳተበት ሰው ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሳል፤ የአድራሻ ግጭት የገጠመው ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ያስጭናል። ከዚያ በኋላ ችግሩ አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ነገሩ የቆመው የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ይለዩ።

የቆመበትን ደረጃ እንዴት እለያለሁ?

ቪፒኤኑ እንደተገናኘ ፋይል ኤክስፕሎረርን ይክፈቱና በላይኛው የአድራሻ ሣጥን ውስጥ \\10.20.0.5 ብለው ጽፈው ኤንተር ይጫኑ። ጭረቶቹ ሁለት መሆናቸውንና ወደ ኋላ ማዘንበላቸውን ያረጋግጡ፤ ወደ ፊት ያዘነበለውን ጭረት ከተጠቀሙ ዊንዶውስ ጽሑፉን የድረ ገጽ አድራሻ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር በራሱ ብዙ ይናገራል።

ፎልደሮቹ ከተዘረዘሩ መሥመሩም፣ ፖርቱም፣ ማንነትዎም ደህና ናቸው፤ የቀረው የስም ችግር ብቻ ነው። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ከጠየቀ ወይም የሰጡትን ካልተቀበለ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሰዋል ማለት ስለሆነ ራውተርንና ቪፒኤንን አይንኩ። ፈቃድ እንደሌለዎት ከነገረዎት (ይህ ስህተት ቁጥር 5 ነው) ማንነትዎን አውቆ ከልክሎዎታልና ጉዳዩ የፈቃድ ሰጪው ነው። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲያስብ ቆይቶ የኔትወርኩ መንገድ አልተገኘም ካለ፣ ቁጥሩም በ80070035 የሚያልቅ ወይም 53 ከሆነ፣ ጥያቄዎ ሰርቨሩ ዘንድ አልደረሰም፤ ወይም ደርሶ በር ላይ ተጥሏል። ሁለቱ ቁጥሮች ሲለያዩ አይተው አይደናገሩ፤ በመጀመሪያው ቁጥር መጨረሻ ያለው 35 በሄክሳዴሲማል የተጻፈ 53 ነውና አንድ ስህተት ናቸው።

ይህ የመጨረሻው ከገጠመዎት ፓወርሼልን ከፍተው ቴስት ኔትኮኔክሽን በተባለው ትእዛዝ (Test-NetConnection 10.20.0.5 -Port 445) የሰርቨሩን አድራሻና ፖርት 445ን ይፈትኑ። ውጤቱ ትሩ ካለ በሩ ክፍት ነው፤ ፎልስ ካለ ዝግ ነው ወይም መንገዱ አልተገኘም። ብዙ ሰው በፒንግ (አጭር የሙከራ መልእክት ልኮ መልስ በሚጠብቀው ትእዛዝ) ብቻ ይፈርዳል፤ እኛ ግን በፒንግ ብቻ እንዲፈርዱ አንመክርም፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው ጥበቃ) ብዙ ጊዜ ፒንግን ስለሚከለክል ሰርቨሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዝም ሊል ይችላል፤ በተቃራኒው ፒንግ እየመለሰ ፖርት 445 ሊዘጋ ይችላል።

በቁጥር አድራሻው ይከፈታል፤ በሰርቨሩ ስም ግን አይከፈትም። ምን ማለት ነው?

ስሙን ወደ አድራሻ የሚለውጠው ዲኤንኤስ አልተጠየቀም ማለት ነው። ኮምፒውተርዎ ስሙን የሚጠይቀው የቅርንጫፉን ኢንተርኔት የሚሰጠውን ድርጅት ዲኤንኤስ ከሆነ፣ ያ ዲኤንኤስ የዋና መሥሪያ ቤታችንን ሰርቨር ስም የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። ትክክለኛው መፍትሔ ቪፒኤኑ ሲገናኝ የዋና መሥሪያ ቤቱን ዲኤንኤስ አብሮ እንዲሰጥ ማድረግ ነው፤ ይህ የአይቲ ክፍሉ ሥራ ነው። እስከዚያው የሰርቨሩን አጭር ስም ትተው ከነጥብ በኋላ ያለውን የዶሜይን (የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች በአንድነት የሚያስተዳድረው ሥርዓት) ስም ጨምረው ሙሉውን ይሞክሩ። ይህም ካልሆነ በቁጥሩ ይጠቀሙ። በየኮምፒውተሩ ሆስትስ ፋይል ውስጥ ስሙን ከአድራሻው ጋር መጻፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ሰርቨሩ አድራሻ በቀየረ ቀን ሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ይደናበራል፤ ማን የት እንደጻፈው የሚያስታውስም አይገኝም።

«ኔትወርክ» የሚለውን ስከፍት ሰርቨሩ አይታየኝም። ጠፍቷል ማለት ነው?

አይደለም። ያ ዝርዝር የሚሞላው በአንድ ቤት ውስጥ ባሉ ኮምፒውተሮች መካከል በሚነዛ ጥሪ ነው፤ ይህ ጥሪ ደግሞ በተለመደው የቪፒኤን አሠራር ከግቢው አልፎ አይሄድም። አድራሻውን በእጅዎ ይጻፉ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አይፈልጉ።

በስልኬ ሆትስፖት ሲሆን ይሠራል፤ በቅርንጫፉ ዋይፋይ ሲሆን ግን አይሠራም። ለምን?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመላለሳል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የአድራሻ ግጭት ነው። በግል ኔትወርኮች ውስጥ ማንም ሳያስፈቅድ እንዲጠቀምባቸው የተተዉ አድራሻዎች ሦስት ክልሎች ናቸው፦ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ በ192.168 የሚጀምሩት። ከገበያ የሚገዙ ራውተሮች ብዙዎቹ 192.168.1 ወይም 192.168.0 ተሰጥቷቸው ይመጣሉ፤ የገጠማቸውም ሰው ብዙ ጊዜ እንዳለ ይተዋቸዋል። ዋና መሥሪያ ቤቱ 192.168.1 ከሆነና የዓለም ከተማ ቅርንጫፍም 192.168.1 ከሆነ፣ ኮምፒውተርዎ 192.168.1.5ን ሲፈልግ እዚያው ጎረቤቱ ያለ መሣሪያ ይመስለዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ቪፒኤኑ አይልከውም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። በአጋጣሚ በዚያ አድራሻ ላይ የቅርንጫፉ ፕሪንተር ቢኖር ደግሞ ፒንግ ይመልስና ነገሩን ይብስ ያወሳስበዋል።

የስልክ ሆትስፖት የሚሰጠው አድራሻ ከዚህ የተለየ ነው። የአይፎን ሆትስፖት 172.20.10፣ የብዙ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ለረጅም ጊዜ 192.168.43 ሲሰጡ ኖረዋል። ግጭቱ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው እንጂ የስልኩ ኢንተርኔት ከዋይፋዩ የተሻለ ስለሆነ አይደለም። በኮማንድ ፕሮምፕት አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብለው የራስዎን አድራሻ ከሰርቨሩ ጋር ያስተያዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ጥፋቱ ተገኝቷል። ዘላቂው መፍትሔ ዋና መሥሪያ ቤቱ በብዛት የማይዘወተር ክልል እንዲይዝና ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የየራሱ ቁጥር እንዲመደብለት ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን 10.20.0፣ መሐል ሜዳ 10.20.1፣ ዓለም ከተማ 10.20.2 እያሉ መቀጠል ይቻላል። የዚህ ሥራ ወጪው ጊዜ ብቻ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ባይተላለፍ ጥሩ ነው።

ደብረ ብርሃን ቢሮ ውስጥ ላሉት ይከፈታል፤ ለእኛ ቅርንጫፎች ብቻ ተዘግቷል። መብራት ከጠፋ ወዲህ ነው የጀመረው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ። የመጀመሪያው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ፋይልና ፕሪንተር ማጋሪያውን የሚፈቅደው ሕግ ኔትወርኩ «ፕራይቬት» ወይም «ፐብሊክ» ተብሎ በተመደበበት ኮምፒውተር ላይ በራሱ ሲተው የሚፈቅደው በዚያው ግቢ ላሉ አድራሻዎች ብቻ ነው። በቪፒኤን የሚመጣ ሰው ግን የሚይዘው ሌላ ክልል ነው፤ ለምሳሌ 10.99.0። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ያለው ይገባል፣ ከአጣዬ የመጣው ይጣላል። መፍትሔው ፋየርዎሉን ጠቅልሎ ማጥፋት ሳይሆን በዚያው ሕግ ውስጥ «ስኮፕ» በሚለው ክፍል የቪፒኤኑን አድራሻ ክልል መጨመር ነው። ፋየርዎሉን ማጥፋት ችግሩን የፈታ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ግን መልሶ የሚያበራው ሰው አይገኝም።

ሁለተኛው ከመብራቱ ጋር የሚያያዘው ነው። መብራት ተመልሶ ሰርቨሩ ከራውተሩ ቀድሞ ከተነሣ የት ኔትወርክ ላይ እንዳለ ስለማያውቅ ራሱን «ፐብሊክ» ብሎ ሊመድብና ትናንት ክፍት የነበረውን በር ሊዘጋ ይችላል። የኔትወርኩን ዓይነት አይቶ ማስተካከል፣ ወይም ራውተሩ ሙሉ በሙሉ ከተነሣ በኋላ ሰርቨሩን አንድ ጊዜ እንደገና ማስነሣት ይበቃል። ዩፒኤስ ሲገዛ ራውተሩና ስዊቹም አብረው እንዲሰኩበት የምንጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

የአይቲ ባለሙያው የሚያጣራው አንድ ነገር ይጨመር፦ ሰርቨሩ መልሱን ወደ ቪፒኤኑ ክልል የሚልክበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። የቪፒኤኑ መግቢያና የሰርቨሩ ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚልክበት መውጫ) የተለያዩ መሣሪያዎች ከሆኑ፣ ጥያቄው ደርሶ መልሱ ግን በሌላው በር ወጥቶ ይጠፋል።

የይለፍ ቃሌ ትክክል ነው፤ ሰርቨሩ ግን አይቀበለኝም።

በቅድሚያ ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ ላይ እንዳለ ይመልከቱ። የአማርኛ ጽሑፍ ሲሠሩ ቆይተው ወደ ይለፍ ቃል ሣጥን ሲመጡ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደሆነ ሊቀር ይችላል፤ የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ ስህተቱን የሚያዩበት መንገድ የለም። ኖትፓድ ከፍተው ጥቂት ፊደላት ቢሞክሩ ወዲያው ይታወቃል። ቀጥሎ፣ ላፕቶፕዎን ሲከፍቱ የሚያስገቡት አጭር የፒን ቁጥር ለዚያው ላፕቶፕ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ሰርቨሩ አያውቀውም። የተጠቃሚ ስሙንም ብቻውን ሳይሆን የዶሜይኑን ወይም የሰርቨሩን ስም አስቀድመው፣ አንድ ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት አድርገው ይጻፉት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ የራሱን የላፕቶፑን ስም ከፊት ጨምሮ ሊልክ ይችላል።

ከዚህ ያለፈውና ባለሙያን ጭምር የሚያደክመው ነገር ይህ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ቪፒኤን ሲገቡ የተጠቀሙበት የተጠቃሚ ስም ለፎልደሩ ከተሰጠዎት ስም የተለየ ከሆነ፣ ዊንዶውስ በነባሪው የቪፒኤኑን ስም ይዞ ሰርቨሩን ያንኳኳል። ሰርቨሩም ስሙን ስለማያውቀው ይመልሰዋል፤ እርስዎ ደግሞ ትክክለኛውን አስገብቻለሁ ብለው ይሟገታሉ። የቪፒኤኖቹ ቅንብር በሚቀመጥበት «ራስፎን» (rasphone.pbk) ፋይል ውስጥ ዩዝራስክሬደንሻልስ (UseRasCredentials) የሚለውን መሥመር ከ1 ወደ 0 መለወጥ ይህን ያስቀራል።

ስህተት ቁጥር 1219 ካዩ ደግሞ ቀደም ሲል በሌላ ስም የከፈቱት ግንኙነት አልተዘጋም ማለት ነው፤ ዊንዶውስ አንድን ሰርቨር በአንድ ጊዜ በሁለት ስም እንዲከፍቱ አይፈቅድም። ኔት ዩዝ (net use) በሚለው ትእዛዝ የነበሩትን አይተው ያጥፏቸው። ክሬደንሻል ማኔጀር ውስጥም ዱሮ የተቀመጠ የይለፍ ቃል ካለ ይሰርዙት። የይለፍ ቃልዎ በቅርቡ ዋና መሥሪያ ቤት ተቀይሮ ላፕቶፕዎ ግን አሁንም በአሮጌው የሚከፈት ከሆነ፣ ቪፒኤኑ እንደተገናኘ ኮምፒውተሩን ቆልፈው በአዲሱ የይለፍ ቃል ይክፈቱት።

ሰዓቴ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በጣም ይገናኛል። በዶሜይን ውስጥ ማንነትን የሚያረጋግጠው ከርቤሮስ የእርስዎና የሰርቨሩ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ በነባሪው አይቀበልም። እኛ ጋ ደግሞ ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ለማንበብ ብለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ 3:00 እንዲል የሚያስተካክሉ አሉ። ኮምፒውተሩ ማለት የነበረበት 9:00 ስለሆነ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ዓመቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስገባ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ የቪፒኤኑ ሰርተፊኬት ገና ያልተሰጠ ይመስላልና ቪፒኤኑ ራሱ እምቢ ይላል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ዴስክቶፕም መብራት በጠፋ ቁጥር ይህንኑ ያደርጋል፤ ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ መቀየር ነው። የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ ሲደመር 3፣ ናይሮቢ በሚለው ላይ አድርገው ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ይተዉት። የአገራችንን ሰዓት ከግድግዳው ላይ ማንበብ ይቻላል።

ፎልደሩ ይከፈትልኛል፤ ፋይል ማስቀመጥ ግን አልችልም።

ሁለት የፈቃድ መዝገቦች አሉ፤ አንዱ ፎልደሩ ሲጋራ የሚሰጠው ነው፣ ሌላው በዲስኩ ላይ ለፎልደሩ የተጻፈው ነው። በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ይሠራል። በሰርቨሩ ላይ ራሱ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ግን የመጀመሪያው አይነካውም፤ ስለዚህ «ለእኔ ይሠራል» ቢልዎት እውነቱን ነው፣ ለእርስዎ ግን ማስረጃ አይሆንም። ወደ አንድ የሥራ ቡድን ገና አሁን ከተጨመሩ ከኮምፒውተሩ ወጥተው፣ ቪፒኤኑ እንደተገናኘ ዳግም ይግቡ፤ ፈቃዱ የሚታየው ከአዲስ መግቢያ በኋላ ነው።

ፋይሉ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስፈልገው ግን አይገኝም።

የፋይሉ ስም በአማርኛ ከሆነ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ ያጣሩ። ለእኛ ሲነበቡ አንድ የሆኑት ሰና ሠ፣ ሀና ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «የሠራተኞች ደመወዝ» ተብሎ የተቀመጠን ፋይል «የሰራተኞች ደመወዝ» ብለው ቢፈልጉት አያገኙትም፤ «ሒሳብ» የተባለውንም ፎልደር «ሂሳብ» ብለው በአድራሻ ሣጥን ቢጽፉት የለም ይልዎታል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የፎልደር ስሞች አጻጻፍ በአንድ ገጽ ተወስኖ ቢሰቀል ብዙ ንትርክ ይቀንሳል። ፋይሉ ተገኝቶ ጽሑፉ የማይነበብ ቅርጽ ሆኖ ከመጣ ግን በዱሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ነውና ጉዳዩ የፎንት ነው፤ ቪፒኤኑን አይውቀሱት።

ትንንሽ ፋይሎች ይከፈታሉ፤ ትልቅ ፋይል ስገለብጥ ግን መሐል ላይ ቀጥ ይላል።

ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የመገልበጫው መስኮት አረንጓዴ መሥመር ጥቂት ይራመድና ይቆማል፣ ፍጥነቱም ወደ 0 ይወርዳል፣ ከቆይታ በኋላ ግንኙነቱ ተቋርጧል ይላል። ቪፒኤን እያንዳንዱን ፓኬት (ፋይሉ ተቆራርጦ የሚላክበትን ቁራጭ) በራሱ ፖስታ ውስጥ ስለሚከት ፓኬቱ ይወፍራል፤ ተራው ልክ 1500 ባይት ስለሆነ ከዚያ ያለፈው ተከፋፍሎ ካልሄደ መንገድ ላይ ይጣላል። በፒንግ ትእዛዝ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አድርገው 1372 ባይት ይላኩ (ping -f -l 1372 10.20.0.5)፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1400 ይሆናል። ይህ ካለፈ የቪፒኤኑን ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁን ልክ) 1400 ያድርጉ፤ ካላለፈ እስኪያልፍ ቁጥሩን እየቀነሱ ይሞክሩ።

ሁሉም ነገር ዝም ብሎ ቀርፋፋ ከሆነ ግን ሒሳቡን ማስላት ይጠቅማል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መሥመር 20 ሜጋባይት ፋይል ምንም ሳይደናቀፍ ቢሄድ እንኳ 80 ሰከንድ ይፈጃል። ብዙ ትንንሽ ፋይል ያለበት ፎልደር ደግሞ በፍጥነቱ ሳይሆን በመመላለሱ ይዘገያል፤ አንድ ምልልስ 100 ሚሊሰከንድ ከወሰደ 500 ምልልስ 50 ሰከንድ ነው። የኢንተርኔት ፍጥነት ማሳደግ ይህንን ሁለተኛውን ብዙም አይለውጠውም። በሺህ የሚቆጠሩ የተቃኙ ደረሰኞችን በአንድ ፎልደር ከመከመር በዓመትና በወር መከፋፈል ይሻላል፤ የሚላኩትንም በአንድ ዚፕ ፋይል ጠቅልሎ መላክ ይመረጣል።

የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን በዚሁ የጋራ ፎልደር በኩል ከቅርንጫፍ መክፈት እንችላለን?

አንመክርም፤ ይህን አጥብቀን የምንለው ነው። ኤክሴል ፋይል ሲከፈት ይጫናል፣ ሲቀመጥ ይላካል፤ በመሐል መሥመሩ ቢቆረጥ የሚጠፋው ያልተቀመጠው ብቻ ነው። የሒሳብ ፕሮግራሞች ዳታቤዝ ግን በእያንዳንዱ ቫውቸር ላይ በትንንሽ ቁራጭ ደጋግሞ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ቪፒኤኑ ቢቋረጥ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ባይበላሽም ዝግመቱ አያሠራም። ትክክለኛው አሠራር ፕሮግራሙ ደብረ ብርሃን ባለ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ አድርጎ፣ ቅርንጫፉ በቪፒኤኑ ውስጥ በሪሞት ዴስክቶፕ ገብቶ እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው። ያን ጊዜ በመሥመሩ የሚመላለሰው የስክሪኑ ምስልና የኪቦርዱ ምት ብቻ ነው፤ መሥመሩ ቢቋረጥም ሥራው እዚያው እንዳለ ይጠብቅዎታል። ለዚህ የተጠቃሚዎቹን ቁጥር ያህል ፈቃድ መግዛት እንደሚያስፈልግ ግን በበጀት ጊዜ ይታሰብበት።

ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ድራይቩ ላይ ቀይ ምልክት ይታያል።

ዊንዶውስ ድራይቩን ሊያገናኝ የሞከረው ቪፒኤኑ ከመከፈቱ በፊት ስለሆነ ነው። ቪፒኤኑን ከፍተው ድራይቩን ሁለት ጊዜ ጠቅ ያድርጉት። በሥራ መሐል ምልክቱ ቢታይም ዊንዶውስ ሰርቨር ለ15 ደቂቃ ያልተነካ ግንኙነትን በነባሪው ስለሚዘጋ ነው፤ ሲነኩት ይመለሳል።

ቪፒኤኑ ራሱ ጭራሽ አይገናኝም።

አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ ከዚያ ቅርንጫፍ ይጀምሩ፤ ሁሉም ቅርንጫፎች በአንድ ጊዜ ከሆኑ ደብረ ብርሃን ያለውን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ራውተሩ ተነሥቶ ሲመለስ የውጭ አድራሻው ይቀየራል፤ ስለዚህ ለዋና መሥሪያ ቤቱ የማይቀያየር የሕዝብ አድራሻ ከኢንተርኔት አቅራቢው መጠየቅ የግድ ነው። በራውተሩ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አድራሻው ከሌሎች ደንበኞች ጋር የምትጋሩት ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ቪፒኤን ሊያገኘው አይችልም። የቅርንጫፉ ኔትወርክ አንዳንድ ፖርቶችን የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ከቪፒኤን ዓይነቶች ኤልቱቲፒ ከአይፒሴክ ጋር ዩዲፒ 500ንና 4500ን፣ ኦፕንቪፒኤን በተለምዶ 1194ን፣ ዋየርጋርድ 51820ን እንደሚፈልጉ ለባለሙያው ያሳውቁ። በ443 የሚሄደው ኤስኤስቲፒ ድረ ገጾች በሚያልፉበት በር ስለሚያልፍ ሌላው ሲከለከል እሱ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ፒፒቲፒ የሚባለው አሮጌ ዓይነት ምስጠራው ደካማ ስለሆነ፣ ቢሠራም አይጠቀሙበት።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን ፖርት 445ን በቀጥታ ለኢንተርኔት ብንከፍተውስ?

በፍጹም። በግንቦት ወር 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የተሠራጨው በዚሁ በር ነው፤ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ቢሆንም ያልጫኑት ተጎዱ። በሩ ለኢንተርኔት ሲከፈት የሚያንኳኩት እኛ ብቻ አንሆንም።

አሮጌው የፋይል ማስቀመጫ ከአዲሶቹ ላፕቶፖች ጋር አልስማማ አለ።

ኤስኤምቢ 1 የተባለው የመጀመሪያው የፋይል ማጋሪያ ቋንቋ ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ የዊንዶውስ 10 ጭነት ላይ በነባሪው አይጫንም። እንደ ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ያሉት ደግሞ የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው። ላፕቶፖቹን ወደ ኋላ መመለስ ሳይሆን ፋይሎቹን ወደ አዲስ ማስቀመጫ ማዛወር ይገባል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 11፣ 24ኤች2፣ በበኩሉ ፊርማ የሌለው ግንኙነትንና ያለ ይለፍ ቃል የሚገባ እንግዳን በነባሪው ስለማይቀበል፣ «ለሁሉም ክፍት» ተብለው የተተዉ ፎልደሮች ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የተጠቃሚ ስም ይከፈት።

ለአይቲ ክፍሉ ስደውል ምን ላዘጋጅ?

«አልሠራም አለ» ከሚል ይልቅ የሚከተሉትን ይዘው ይደውሉ፦ የስህተቱ ቁጥር ከነስክሪኑ ፎቶ፤ በቁጥር አድራሻው ሲሞክሩ የሆነው፤ የፖርት 445 ፍተሻ ውጤት፤ የእርስዎ ኮምፒውተር አድራሻ፤ በሆትስፖት ሲሞክሩ ልዩነት መኖሩ ወይም አለመኖሩ፤ አጠገብዎ ያለ ባልደረባ ይከፈትለት እንደሆነ፤ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት የተቀየረ ነገር፣ መብራት መጥፋቱን ጨምሮ። የይለፍ ቃልዎን ግን በስልክም በቴሌግራምም አይላኩ፤ ባለሙያው ለሥራው አያስፈልገውም፤ ከጠየቀዎትም እንዳይሰጡ።